እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እና የቴሌቪዥን ሙዚቃ



ማታ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ፊት ሲሰበሰብ የተዋናዮቹን መልክ ሁላችንም እንለያለን። ከንግግሩ ሥር የሚሰማውን ሙዚቃ ማን እንደ ደረሰው ግን አንጠይቅም። የደራሲው ስም የሚወጣው በመጨረሻ ስለሆነ እስኪያልፍ ቆይቶ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ከቂርያት ዔቅሮን ብዙም በማትርቀው በኢየሩሳሌም ወደ አርባ ዓመት ገደማ የኖሩ ኢትዮጵያዊት የሙዚቃ ደራሲ በብዙዎቻችን ዘንድ ሳይታወቁ ኖረዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊን ተማሩ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው ወደ ጣሊያን አገር ተወሰዱ። ከጦርነቱ በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ባለሙያ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ግን ሳይፈቀድላቸው ቀረ። በዚህ እጅግ አዝነው ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኮሱ። በኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው በ1960ዎቹ ድርሰቶቻቸውን በጀርመን አገር በሸክላ አስቀዱ፤ ገቢውንም ለችግረኞች መርጃ አዋሉት።

እናታቸው ካረፉ በኋላ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው በኢትዮጵያ ጎዳና በሚገኘው በደብረ ገነት ገዳም ገቡ። ያ ዓመት ብዙ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል፣ በሙሴ ዘመቻ፣ ወደዚህ አገር መምጣት የጀመሩበት ዓመት ነው። እርሳቸው ክርስቲያን መነኩሲት፣ እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ የመጣንበትም ምክንያት የተለያየ ነው። ቢሆንም የተሸከምነው የዜማ ትዝታ ከአንድ አገር የተቀዳ ነው።

እማሆይ ለፊልም ብለው የጻፉ አይደሉም። ታዲያ ሙዚቃቸው እንዴት ቴሌቪዥን ላይ ደረሰ?

ለቴሌቪዥንና ለፊልም ሙዚቃ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ደራሲው ከአዘጋጁ ጋር ተቀምጦ ፊልሙን ያያል፤ ሙዚቃው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ በሴኮንድ ተለክቶ ይወሰናል፤ ደራሲውም በዚያ ልክ ይጽፋል። በሁለተኛው ቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ ተመርጦ ይገባል። ለዚህም ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከድርሰቱ ባለመብት፣ ሌላው ከቅጂው ባለመብት። የሙላቱ አስታጥቄ የቆዩ ቅጂዎች በ2005 በጂም ጃርሙሽ "ብሮክን ፍላወርስ" ፊልም ውስጥ የተሰሙት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

የእማሆይ ሸክላዎችም በ2006 "ኢትዮፒክስ" በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት በ21ኛ ቁጥር እንደገና ወጡ። ከዚያም እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትዝ ወደ ገዳሙ ሄደች። እማሆይ በአሮጌ የአየር መንገድ ፌስታሎች ያኖሯቸውን፣ በእርሳስ የተጻፉ በመቶ የሚቆጠሩ የሙዚቃ ገጾች ሰጧት። ከእነዚያ ወረቀቶች የተመረጡት በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ፤ በኢየሩሳሌምም ለሕዝብ ቀረቡ።

በ2020 "ታይም" የተባለው የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም በአማዞን በኩል ወደየቤቱ ገባ። ስድሳ ዓመት የተፈረደበትን ባሏን ለማስፈታት ሃያ ዓመት ያህል የታገለችን ጥቁር እናት ታሪክ ይተርካል። እርሷ ልጆቿን እያሳደገች ያነሳቻቸው የቤት ምስሎች ሲታዩ የእማሆይ ፒያኖ ይሰማል። በ2021ም ኔትፍሊክስ ባቀረበው "ፓሲንግ" በተባለው ፊልም ውስጥ ሙዚቃቸው አለ። እማሆይ መጋቢት 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም አረፉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ሸክላው ስማቸውን ስለያዘ፣ ወረቀቱም ስላልተጣለ ነው። ፈላጊው ማንን እንደሚጠይቅ አወቀ። ባለቤቱ የማይታወቅ ዜማ ግን ማንም ያነሳዋል፤ ባለቤቱም ክብሩንም ገንዘቡንም ያጣል። በእስራኤል ሕግ የደራሲ መብት እርሱ ከሞተ በኋላም 70 ዓመት ይጸናል። ሥራው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰማ ክፍያውን ለአባሎቹ የሚሰበስበው ከ1936 ጀምሮ ያለው አኩም የተባለው ማኅበር ነው። ሙዚቃ የሚደርሱ ወጣቶቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

በሥራዬ ምክንያት ወደየቤቱ ስገባ የአያት ዘፈን፣ የሠርግ ጭፈራ፣ የቄስ ጸሎት የተቀዳባቸው ካሴቶች በቁም ሣጥን ውስጥ አያለሁ። አብዛኞቹ ምንም አልተጻፈባቸውም። "ይህ ድምፅ የማን ነው?" ስል እናት ታውቃለች፤ ልጅ አያውቅም። እናንተ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ካሴቱን አብራችሁ ስሙ። የዘፋኙን ስም፣ የተቀዳበትን ቦታና ዓመት እናንተ ንገሯቸው፤ እነርሱ ይጻፉ። በስልካቸውም ይገልብጡት። እማሆይ በፌስታል ያቆዩትን ያህል እኛም በካርቶን ማቆየት አያቅተንም።