ለሄኩባ አንደበት የሰጠች ሴት፦ የሼክስፒር ሉክሬስና ፈራጆቿ

ወረርሽኝ የለንደንን ቲያትር ቤቶች ባዘጋበት ዘመን ዊልያም ሼክስፒር ፊቱን ወደ ተራኪ ግጥም መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1594 የታተመውና ለሳውዝሃምፕተኑ ኧርል የተበረከተው «የሉክሬስ መደፈር» 1,855 ስንኞች አሉት፤ እያንዳንዱ አንጓ ሰባት ስንኝ ነው። ታሪኩ ከሊቪና ከኦቪድ የተወረሰ ነው። የሮማው ንጉሥ ልጅ ታርኲን የኮላታይንን ሚስት ሉክሬስን በሌሊት ይደፍራል፤ እርሷ ራሷን ትገድላለች፤ ቁጣው የንጉሡን ቤት ከሮማ ያስወጣል። ሮማውያን የሪፐብሊካቸውን ልደት ከዚህ ጋር አያይዘውታል።

እኛ ሼክስፒርን ይበልጡን የምናውቀው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሳቸው ተውኔቶች በመሆኑ ይህ ግጥም ብዙም አይነሳም። ሆኖም ስለ ተደፈረች ሴት ማን ይናገራል የሚለውን ጥያቄ እንዲህ በጥልቀት የመረመረ የዘመኑ ሥራ አላውቅም።

በግጥሙ ውስጥ ጥፋቱ የሚጀመረው ከሉክሬስ መኝታ ቤት ሳይሆን ከጦር ሰፈር ነው። ኮላታይን በጓደኞቹ ፊት የሚስቱን ውበትና ንጽሕና ይደረድራል፤ ታርኲንን ያነሳሳው ያ ጉራ ነው። ተራኪው ባልየውን ይወቅሰዋል፤ ወቀሳው ግን ሀብቱን ለሌባ አሳየ የሚል ነው። ሴቲቱ በወቃሹም አፍ ንብረት ሆና ትቀራለች። ታርኲን የሚያስፈራራበት መንገድም ይህንኑ ያውቃል፦ እምቢ ካለች ገድሎ፣ አንድ ባሪያ ደግሞ ገድሎ ከአጠገቧ በማጋደም በዝሙት ሊከሳት ይዝታል። የሞተች ሴት መልስ መስጠት እንደማትችል ገብቶታል።

ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣው ክፍል ረጅም ነው፤ አንዳንድ ተቺዎች ንግግር በዛበት ብለው ነቅፈውታል። በእኔ እምነት የግጥሙ ልብ ያ ነው። ሉክሬስ ሌሊቱን፣ አጋጣሚንና ጊዜን ትከሳለች፤ ለባሏ ደብዳቤ ልካ መምጣቱን ስትጠብቅ የትሮይን ውድቀት ከሚያሳይ ሥዕል ፊት ትቆማለች። እዚያ ባሏንና ልጆቿን ያጣችውን ንግሥት ሄኩባን ታገኛለች። ሠዓሊው ያን ሁሉ ሐዘን ሰጥቷት አንደበት መንፈጉን ትቃወማለች፤ በሄኩባ ፈንታም ራሷ ትናገራለች። ትሮይን በሐሰት እንባ ያስከፈተውን የሲኖንን ምስል ግን በጥፍሯ ትቦጫጭቀዋለች። የተበዳይዋ ቁጣ በበዳይ ላይ ሲያርፍ የምናየው እዚህ ብቻ ነው።

ባሏና አባቷ ሲመጡ የደፋሪውን ስም ከመጥራቷ በፊት እንዲበቀሉላት ታስምላቸዋለች። ወንዶቹ አእምሮሽ ንጹሕ ስለሆነ በደል የለብሽም ይሏታል፤ እርሷ ግን ወደፊት ማንም ሴት በእኔ ሰበብ ማመካኛ አታግኝ ብላ ራሷን ትወጋለች። አስከሬኗ ሳይነሳ አባትና ባል የእኔ ነበረች፣ የእኔ ነበረች እያሉ ይከራከራሉ። በቦታው የነበረው ብሩተስ ደግሞ ጩቤውን አንስቶ ለፖለቲካ ያውለዋል። ሼክስፒር ይህን ሁሉ ያለ አስተያየት ጎን ለጎን ማስቀመጡ ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ይናገራል።

ሉክሬስ ከሼክስፒር በፊትም በኋላም ከፍርድ ወንበር ፊት አልጠፋችም። አውግስጢኖስ በ«የእግዚአብሔር ከተማ» መጽሐፉ፣ በ410 ሮማ ስትዘረፍ የተደፈሩ ክርስቲያን ሴቶች ራሳቸውን ባለመግደላቸው እንዳይነቀፉ ተከራክሯል፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ስለ ሉክሬስ፣ ንጽሕት ከነበረች ለምን ሞተች ብሎ ሲጠይቅ፣ ምናልባት በስውር ፈቅዳ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ለዘመናት ጥሎ አለፈ። ሠዓሊዎችም ዓይናቸውን ከጩቤው አላነሱም፤ ሬምብራንት በ1664 ልትወጋ ስትል፣ በ1666 ከወጋች በኋላ ሣላት። ቤንጃሚን ብሪተን በ1946 ባቀረበው ኦፔራ ውስጥ ለሞቷ ክርስቲያናዊ ማጽናኛ ተጨምሯል።

ለምን ሞተች የሚለው ጥያቄ ታርኲንን ከመድረክ ያስወጣዋል፤ ተከሳሿን እርሷን ያደርጋል። ይህን ግጥም የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ከጩቤው አትጀምሩ። ተማሪዎቻችሁ መጀመሪያ ከሥዕሉ ፊት ቆማ የተናገረችውን ሙሉ በሙሉ ያንብቡ።