የእንዶድ አረፋና የመሐንዲሱ ቦይ

መሐንዲስ ውሃን ከወንዝ ጠልፎ ወደ ደረቅ መሬት ሲያደርስ ልማትን ብቻ ያደረሰ ይመስለዋል። ሆኖም ዝግ ብሎ በሚፈስና ዳር ዳሩን ሣር በበቀለበት ቦይ ውስጥ ያልተጠራ እንግዳ አብሮ ይገባል፤ ይኸውም የብልሃርዚያን ትል በገላው ውስጥ የሚያሳድገው ትንሹ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ መስኖ ከተስፋፋ በኋላ በሽታው እየበዛ መሄዱ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህን በሽታ ለመከላከል ያደረጉትን ጥረት ማወቅ የሐኪሞች ድርሻ ብቻ ሳይሆን የእኛም የሙያ ግዴታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1964 በአድዋ ከተማ ነው። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ይዘው የተመለሱት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጦችን ለማጥናት ወደ ወንዙ ወርደው ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ጥንቱ ልማድ የእንዶድ ፍሬ ወቅጠው በአረፋው ልብስ ያጥባሉ። ምሁሩም ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጦች በብዛት ተንሳፈው አዩ፤ በሌላው የወንዙ ክፍል ግን ሕያዋን ነበሩ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው አረፋውን ሕያዋን ቀንድ አውጦች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ ሁሉም ሞቱ። የምርምሩ በር የተከፈተው እንግዲህ ከቤተ ሙከራ አስቀድሞ በአጣቢዎች ዘንድ ነው።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ። ከ1969 እስከ 1974 ባሉት 5 ዓመታት በአድዋ በተካሄደው ሙከራ የከተማይቱ ውሃዎች በእንዶድ ሲታከሙ ቆዩ፤ በትናንሽ ሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው የበሽታው መጠንም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በተክሉ አመራረት ላይ ተመራምረው ከልዩ ልዩ ዝርያዎች መካከል 44 ቁጥር የተሰጠውን ብርቱ ዝርያ ለይተው አወጡ። ከውጭ አገር በውድ ዋጋ ከሚገዛው ኬሚካል ይልቅ ገበሬው ራሱ በማሳው ዳር ሊተክለው የሚችል መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በውጭ ቤተ ሙከራዎች ካልተረጋገጠ ተቀባይነት ሳያገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ምሁራን በ1989 በስቶክሆልም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ ተቋሙም በስማቸው ተሰየመ።

እውነቱን ለመናገር እንዶድ በሽታውን ከአገር አላጠፋም። ዛሬ ዋናው መከላከያ ለተማሪዎች በጅምላ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። ነገር ግን ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግመኛ መያዝን አይከለክልም፤ ሕፃኑ ድኖ ወደዚያው ቦይ ይመለሳል። ቦዩን የሠራነው ደግሞ እኛ ነን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በተካፈልኩበት አንድ የመስኖ ሥራ የውሃው መጠን፣ የቦዩ ተዳፋትና ወጪው በጥንቃቄ ተሰልተዋል። ስለ ቀንድ አውጣ ግን በሰነዱ ውስጥ አንድ ቃል አልነበረም፤ ሴቶቹ ልብስ የት እንደሚያጥቡም የጠየቀ አልነበረም። ቦዩ በተከፈተ በሳምንቱ እናቶች ከነልጆቻቸው ገብተው ያጥቡበት ጀመር። የልብስ ማጠቢያ ሥፍራ ለብቻ መሥራት፣ መሻገሪያ መዘርጋት፣ የመጸዳጃ ቤቶችን ቦታ አብሮ ማሰብ፣ ውሃው እንዳይተኛ ተዳፋቱን ማስተካከል፣ ሣሩንም በየጊዜው ማስጠረግ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ከባድ አልነበረም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ጥያቄ ነበር።

የአድዋው ምሁር ከእኛ የተለዩት ከወንዙ ዳር ቆመው አጣቢዋን በመጠየቃቸው ነው። እኛም የውሃ ሥራ ንድፍ ከመፈረማችን በፊት ወደ ውሃው ወርደን በዚያ የሚውሉትን ብንጠይቅ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተቀበልነው ዕውቀት ለወገን ጤና ጭምር የሚተርፍ ይሆናል።