የጨጓራው ቀበቶ እና የእኛው ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ታክሲ ውስጥ ግማሹ ተሳፋሪ ቱታ ለብሷል። አትሌቶቹ ለእንጀራቸው፣ እኛ ለቦርጫችን። ከመስኮቱ ውጪ በግ የሚጠብቁ ልጆች ይታያሉ። በቡራዩም በሰበታም በኩል ያው ነው፤ ሦስቱም ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው ቢጠቃለሉም እረኛው ግን አልጠፋም። እነዚህን ልጆች ባየሁ ቁጥር ዶክተር ምትኩ በላቸው ትዝ ይሉኛል።

አታውቋቸውም አይደል? እኔም ጋዜጠኝነት ተምሬ እስክመረቅ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በልጅነታቸው እረኛ ነበሩ፤ በኋላ ቤልጂየም ገብተው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኑ። ነሐሴ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ሁይ በምትባል የቤልጂየም ከተማ፣ ሆድ ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ፣ የሚጠብቅና የሚላላ ቀበቶ በሰው ጨጓራ ላይ በማሰር በዓለም የመጀመሪያው ሆኑ። ልብ በሉ፣ በ1977ቱ ረሃብ ዓለም ስማችንን ካወቀው ገና ስምንት ዓመቱ ነው! ምግብ የሚያስቀንሰው ሐኪም ስም ደግሞ «በላቸው» መሆኑ…

ቀበቶው የሲሊኮን ቀለበት ነው። ጨጓራው አናት ላይ ይታሰርና በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ከተቀበረች መቀበያ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨምርበት ይጠብቃል፣ ሲቀንስለት ይላላል። ሰውየው በጥቂት ጉርሻ ይጠግባል። ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ አሜሪካ ይሠራ የነበረው ሉቦሚር ኩዝማክ የሚስተካከለውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ሆድ ከፍቶ አስሮት ነበር። የእነ ዶክተር ምትኩ ጥያቄ «ሳንከፍት እንችላለን ወይ?» የሚል ነው።

ታዲያ በቀጥታ ወደ ሰው አልሄዱም። መጀመሪያ የሞከሩት በአሳማ ላይ ነው። (እኛ ሰፈር አሳማ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድደው ብዙ ነው፤ የውስጥ አካሉ መጠን ግን ለሰው ይቀርባል።) ከዚያ በኋላ ነው ሰው አልጋው ላይ የወጣው። በ2002 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት የ763 ታካሚዎችን ውጤት ይዟል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቀበቶውን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ፈተናው ግን በፈቃድ አላበቃም። ዓመታት ሲቆጠሩ አንዳንዱ ቀበቶ ከቦታው ተንሸራተተ፣ አንዳንዱ የጨጓራውን ግድግዳ በላው፣ ክብደቱ የተመለሰበትም ብዙ ነው። ቀበቶውን ለማውጣት እንደገና ቀዶ ሕክምና! እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ላይ ከተደረጉት የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች 42 በመቶ ያህሉ ቀበቶ ነበሩ፤ በ2013 ወደ 10 በመቶ ወረዱ። ጨጓራውን ቆርጦ የማጥበቡ ዘዴ ቦታውን ወሰደ። እኔ በበኩሌ ይህ የዶክተር ምትኩን ሥራ የሚያሳንስ አይመስለኝም፤ መውደቁ የታወቀው ታካሚ በታካሚ እየተቆጠረ ስለተመዘገበ ነው።

ሱሉልታ ስንወርድ የመብራት ምሰሶ ላይ «በ15 ቀን ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስልክ ቁጥር አለው። በማን ላይ እንደተሞከረ ግን አይናገርም።