ውሑድና ድብልቅ

በትምህርት ቤት «ጨው ከውኃ ጋር ተዋሐደ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል፤ «ውሑድ» ሥሩ «አንድ» ማለት ከሆነው ከግእዙ «ዋሕድ» ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ተዋሕዶን ከቱሳሔ፣ ይኸውም ከመቀላቀል፣ አጥብቀው ሲለዩ ኖረዋልና። እርግጥ በኬሚስትሪ የተዋሐዱት፣ እንደ ነገረ መለኮቱ ሳይሆን፣ የቀድሞ ጠባያቸውን ይለቃሉ፤ በክብደት 1 እጅ ሃይድሮጅንና 8 እጅ ኦክስጅን ተዋሕደው ውኃ ከሆኑ በኋላ በማጥለልም ሆነ በማትነን አይለያዩም። የአፍዴራ ሐይቅ ውኃ ግን በፀሐይ ተንኖ ጨዉን መልሶ ይሰጣል፤ ስለዚህ ድብልቅ ነው፤ ጨዉም «ሟሟ» እንጂ «ተዋሐደ» አይባልም። «ፊልትሬሽን» የሚሉትም ጠላ ጠማቂዋ ዘወትር የምትሠራው ማጥለል ነውና፣ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ በዚሁ ስሙ ጥሩላቸው።