«የስጋት አዙሪት» እንበለው

የአፍሪካ ቀንድ ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ ሐረግ እየተደጋገመ መጥቷል፤ «የደህንነት አጣብቂኝ»። አንዳንዱ ተንታኝ ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን እንዳለ ይተውና «የጸጥታ ዲሌማ» ይለዋል፤ የቸኮለው ደግሞ «ሴኩሪቲ ዲሌማ» ብሎ ያልፋል። ሐሳቡ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። አንዲት አገር ራሷን ለመጠበቅ ስትታጠቅ ጎረቤቷ «ልትወጋኝ ነው» ብላ ትታጠቃለች፤ ይህን ያየችው ፊተኛይቱ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ብላ ትጨምራለች፤ እንዲህ እየተባባሉ ሁለቱም ያልፈለጉት ጦርነት ይመጣል። ስሙን ያወጣለት ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ምሁር ጆን ኸርዝ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ነበር። በዓመቱ እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኸርበርት በተርፊልድ ያንኑ በሌላ መንገድ ጻፈው፤ ሮበርት ጀርቪስ ደግሞ በ1978 አስፋፋው። ከሁሉ ቀድሞ ግሪካዊው ቱሲዳይደስ፣ የአቴና እያየለች መሄድ ስፓርታን አስፈርቶ ወደ ጦርነት እንደገፋት ጽፏል። ስለ ሐሳቡ ይህ ይበቃል። አሁን የሚያስፈልገው የአማርኛ ስሙን ማቃናት ነው፤ ስሙ ሲጣመም ሐሳቡም አብሮ ይጣመማልና።

«ደህንነት» በሥሩ ክቡር ቃል ነው። ግዕዙ «ድኅነ» ዳነ፣ ተረፈ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የነፍስን መዳን «ድኅነት» የምትለውም፣ እኛ ስንገናኝ «ደህና ነህ ወይ» የምንባባለውም ከዚያው ነው። ግን ቃል የሚኖረው በሥሩ ብቻ አይደለም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ሲል፣ የተባለው ሰው ሰላይ እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ቃሉን በስሙ ይዞታል፤ ሕዝቡም ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስም አድርጎታል። ስለዚህ «የደህንነት አጣብቂኝ» የሚል ርዕስ ያየ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው የዚያ መሥሪያ ቤት ችግር ነው። «ጸጥታ»ም ከፖሊስና ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ታስሮ የአገር ውስጥ ሥርዓት ማስከበር ሆኗል። «ሴኩሪቲ» እንዳለ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብም አያዋጣም፤ እዚህ በሬድመንድና በሲያትል በምንኖር ኢትዮጵያውያን አፍ «ሴኩሪቲ ነው የሚሠራው» ማለት ሕንፃ ይጠብቃል ማለት ነው። ሦስቱም ቃላት የሥራ ስም ሆነዋል፤ በሁለት መንግሥታት መካከል ያለውን መተያየት የሚናገር ከመካከላቸው የለም።

«አጣብቂኝ»ን ግን ማንም አይጠላውም። ከመጣበቅ ወገን ወጥቶ ወዲህም ወዲያም ማለት የማይቻልበትን ጠባብ ቦታ በአንድ ቃል ያሳያል። ግሪኩ «ዲሌማ» በሁለት መነሻ ሐሳቦች ላይ የቆመ ሙግት ስለሆነ፣ ለእርሱ ብቻ አቻ እንፈልግ ቢባል ከአጣብቂኝ የተሻለ አይገኝም። ችግሩ አጣብቂኝ ውስጥ የሚገባው አንዱ መሆኑ ነው፤ «ምን ይሻለኛል» እያለ ብቻውን ይጨነቃል። ኸርዝ የገለጠው ጭንቀት ግን ሁለት አገሮች አንዳቸው በሌላው ላይ የሚያባብሱት ነው። ጆሮን ለማስደሰት ያህል «የጥበቃ አጣብቂኝ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሁለቱም ቃላት በጠ፣ በበ እና በቀ የቆሙ ናቸውና ድምፃቸው ይገጥማል። ነገር ግን «ጥበቃ»ም ዘበኛ ሆኖ ቀርቷል፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር መሄድ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ወጥተን ወደ ስሜቱ ብንሄድ አማርኛ በእጁ ያለውን ሀብት እናገኛለን። ቋንቋችን ፍርሃትንና ስጋትን ይለያል። አውሬ ፊት የቆመ ሰው ይፈራል፤ የክረምቱ ዝናብ ይቀር ይሆን የሚል ገበሬ ይሰጋል። ፍርሃት ፊት ለፊት ስላለው ነገር ነው፣ ስጋት ስለሚመጣው። መንግሥታትን ወደ ጦር መሣሪያ የሚገፋቸውም ይኸኛው ነው፤ የዛሬው መሪ ወዳጅ ቢሆን እንኳ ነገ ሌላ ሊተካው ይችላል፣ ታንኩ ግን እዚያው ይቆያል። ሁለተኛው ሀብት ግሡን አንድ ጊዜ አጥፎ ሁለት ባለቤት የሚሰጠው እርባታ ነው፤ መገዳደል፣ መጠባበቅ፣ መፈራራት። ባዕድ ቋንቋ በሐረግ የሚያስረዳውን አማርኛ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። ለዚህም ነው «መፈራራት» ለእጩነት መጀመሪያ የሚመጣው። ግን አነጋገሩን ልብ ብለን እንስማ። ሽማግሌ ሰው «ድሮ መፈራራት ነበረ» ሲል ያመሰግናል፤ ሰው ከሰው ይከባበር ነበር፣ እጁን ይሰበስብ ነበር ማለቱ ነው። መፈራራት ያለበት ቦታ ጠብ አይነሣም። ይህ ደግሞ «ዲተረንስ» እየተባለ እንዳለ የሚጻፈው፣ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በኑክሌር መሣሪያ ተያይተው በቀጥታ ሳይዋጉ የኖሩበት ሁኔታ ነው። አንደኛው ሐሳብ ጦርነትን ያስቀራል፣ ሌላኛው ጦርነትን ይወልዳል። ለሁለቱ አንድ ስም መስጠት አይገባም፤ «መፈራራት» ለዲተረንስ ይቀመጥ።

ለኸርዝ ሐሳብ ተስማሚው «የስጋት አዙሪት» ነው። ስጋት የነገውን ጭንቀት ይዟል፤ አዙሪት ደግሞ መውጫ ያጣውን መመላለስ። ይህ ጥምረት አማርኛን አይጎረብጠውም፤ «የድህነት አዙሪት» የሚለው ሐረግ ከኢኮኖሚ መጻሕፍት ወጥቶ በሬዲዮም በመንደርም ከተለመደ ቆይቷል፣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅበትም። ያለ መዝገበ ቃላት የሚገባ ስም ካለ ለምን ሌላ ፍለጋ እንባዝናለን? በአቻነቱ የሚከራከር ካለ፣ ኸርዝ ራሱ በዚያው የ1950 ጽሑፉ ላይ ነገሩን የገለጸው ደህንነት ፍለጋና ኃይል ማከማቸት እየተቀባበሉ እንደሚሽከረከሩበት ክብ አድርጎ ነው። አዙሪቱ የእኛ ጭማሪ አይደለም።

ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ዲሌማ ምርጫን ያሳያል፣ አዙሪት ግን ምርጫውን ይሰውራል የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ብታጠቅ አስቆጣለሁ፣ ባልታጠቅ እጋለጣለሁ የሚለው ቅጽበት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለዚያ ቅጽበት «አጣብቂኝ» በማብራሪያው ውስጥ ይግባ፤ የጽንሰ ሐሳቡ ርዕስ ግን ውጤቱን የሚያሳየው ይሁን። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ጦርነትን ሁሉ በስጋት ማብራራት ወራሪን ነፃ ማውጣት ነው ይላል። ለዚህ መልሱ ስሙን በልኩ መጠቀም ነው። ዐድዋ ከስጋት አዙሪት አልመጣም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም አንቀጽ 17 በአማርኛው የሚፈቅድ፣ በጣሊያንኛው የሚያስገድድ ሆኖ ተጻፈ፤ ይሁን እንጂ ኢጣሊያ የዘመተችው አገር ለመያዝ ስለፈለገች ነው፣ የትርጉሙ ልዩነት ሰበብ ሆነላት እንጂ ምኞቱን አልፈጠረውም። የ1928ቱም ወረራ እንዲሁ። ጥሩ ስም የሚጠቅመው እንዲህ ሲለይ ነው፤ «የስጋት አዙሪት» የሚለውን የያዘ አንባቢ ስለ ማንኛውም ጦርነት «ይህ ከስጋት ነው ወይስ ከምኞት?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «የደህንነት አጣብቂኝ» ይህን ጥያቄ አያስነሣም።

የ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ማን ጀመረው የሚለውና ፍጥጫው ለምን ዘለቀ የሚለው ጥያቄ የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል። ማን ቀድሞ ኃይል ተጠቀመ የሚለውን የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 መልሶታል፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሕግ የጣሰችው ኤርትራ መሆኗን ወስኗል። ጦርነቱን ከዘጋው የአልጀርስ ስምምነት በኋላ እስከ 2010 ዓ.ም. የዘለቀውን ዘመን ግን ይህ ፍርድ አያብራራውም። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ዓ.ም. ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፤ ውሳኔው መሬት ላይ ሳይወርድ ቀረና ሁለቱም በድንበሩ ሠራዊት አከማችተው ተፋጠጡ። አንዱ ምሽግ በቆፈረ ቁጥር ሌላው የሚቆፍርበት ምክንያት አገኘ። ጦርነትም ሰላምም ያልነበረው ያ ዘመን በመጽሐፍ ላይ እንዳለው አዙሪት ነው።

ወደ ቅርቡ ብንመጣ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ያለ ወደብ መኖር አይቻልም የሚል ስጋት ነበር ገፊው። ሞቃዲሾ ሉዓላዊነቴ ተነካ ብላ በነሐሴ ከግብፅ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት አደረገች፤ በዚያው ወር የግብፅ የጦር መሣሪያ ሶማሊያ ገባ፤ አዲስ አበባም ይህን በጭንቀት አየችው። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የግብፅ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። ከግብፅ በኩል ደግሞ የዓባይ ስጋት ከኋላ ነበረ። እያንዳንዱ እርምጃ በወሰደው ዘንድ መከላከል ነበር፣ በተመለከተው ዘንድ ማጥቃት። አንካራ ላይ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ሲስማሙ የአዙሪቱ አንድ ዙር ላላ፤ ይህም አዙሪት በንግግር ሊቆም እንደሚችል ያሳያል።

የስሙ ጉዳይ ነገ ይደረስበታል የሚባልም አይደለም። የዛሬ የአማርኛ ትርጉም በኮሚቴ ብቻ አይወሰንም። ሬድመንድ የማይክሮሶፍት ዋና መቀመጫ ናት፤ ንያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወጥቶ በየኮምፒውተራችን የገባው ከዚህ ኩባንያ ነው፣ አማርኛም ዛሬ ከተርጓሚ ማሽኖቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማሽን ቃል አይመርጥም፤ በብዛት የተጻፈውን ተምሮ መልሶ ይሰጣል። ስንፍና የወለደው ትርጉም አንድ ጊዜ ከበዛ፣ ማሽኑ ለተማሪው፣ ተማሪው ለጋዜጣው እየተቀባበሉ ያጸኑታል። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ለፍርድ ቤትም፣ ለሆስፒታልም፣ ለሶፍትዌርም የምትተረጉሙ፣ አዲስ አበባም በጋዜጣና በሬዲዮ የምትሠሩ፣ በየቃላት ዝርዝራችሁ ውስጥ «የስጋት አዙሪት»ን ለኸርዝ ሐሳብ፣ «መፈራራት»ን ለዲተረንስ አስገቡ። የተሻለ ቃል ያለው ካለ ከነማስረጃው ያቅርብ፤ የሚበልጥ ከሆነ ይህንንም ይተካዋል። «ደህንነት»ን ግን ለመሥሪያ ቤቱና ለሰላምታችን እንተወው።