በማኅተምና በዳይ የሚሠራ የአበባ ፖስት ካርድ

በእጅ የሚሠራ የአበባ ፖስት ካርድ የሚባለው፣ የአበባ ምስል በማኅተም ታትሞ፣ በዳይ ተቆርጦና በወፍራም ወረቀት ላይ ተደራርቦ ተለጥፎ ለበዓል፣ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለማጽናኛ ወይም ለምስጋና የሚላክ የመልካም ምኞት መግለጫ ነው። ማኅተሙ ከጎማ ወይም ብርሃን ከሚያሳልፍ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሠራል፤ አበባው በላዩ ጎልቶ የተቀረጸ ስለሆነ አሠራሩ በየመሥሪያ ቤቱ ከምናውቀው ክብ ማኅተምና ቲተር አይለይም። ዳይ ደግሞ ጠርዙ የሰላ የብረት ቅርጽ ነው፤ የኩኪስ መቁረጫ ሊጡን እንደሚቆርጥ ሁሉ ወረቀቱን በአበባው ዙሪያ ይቆርጣል። የአበባውን መልክ ማኅተሙ ካወጣው፣ ዙሪያውን ዳዩ ከቆረጠው፣ ሥራው የእጅ ሥራ የሚባለው በምን ሚዛን ነው የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ ያለው ውሳኔው ላይ ነው። ቀለሙን፣ ቦታውንና አቀማመጡን ለእያንዳንዱ ካርድ የሚወስነው ሠሪው እስከሆነ ድረስ መሣሪያው የእጁ ማራዘሚያ ነው፤ ውሳኔው አንዴ ተወስኖ ካበቃ ግን በመቀስ የተቆረጠውም ቢሆን ቅጂ ነው።

የካርድ ታሪክም እጅና ማተሚያ አብረው እንደኖሩ ይመሰክራል። በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የገና ካርድ የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ኮል አሠራው፤ ሠዓሊው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነበር። መስመሩ በድንጋይ ኅትመት ወጣ፣ ቀለሙ ግን በእጅ ተቀባ፤ አንድ ሺህ ገደማ ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር ከተማ ኤስተር ሃውላንድ ዳንቴል መሰል ወረቀትና ባለቀለም ምስሎች ከውጭ እያስመጣች የፍቅረኞች ቀን ካርድ መሥራት ጀመረች። ናሙናውን እሷ ታዘጋጃለች፤ ሌሎች ሴቶች ደግሞ ሥራ ተከፋፍለው እየቆረጡና እየለጠፉ ያባዙታል። በ1870ዎቹ የቦስተኑ አታሚ ሉዊ ፕራንግ በብዙ ቀለም የድንጋይ ኅትመት አበባ የሞላባቸው የገና ካርዶች አወጣ። የፕራንግ ካርዶች እጅግ ያማሩ ናቸው፤ የአበባው ጥላ የት ጋ እንደሚደምቅ የተወሰነው ግን ድንጋዩ ሲዘጋጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ይደግማል። የሆርስሊ ካርድ መስመሩ ታትሞ ሳለ ቀለም ቀቢው እያንዳንዱን ቅጂ በየተራው ነክቶታል። ሁለቱም የኅትመት ውጤቶች ናቸው፤ የለያቸው የእጁ ድርሻ የሚያበቃበት ቦታ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ውሳኔው የት የት እንደተደበቀ ይገለጥለታል። የመስከረሙን አደይ አበባ እንውሰድ። ቢጫ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም ጠርዙ ይጠፋል፤ በድምቀት ከነጩ እምብዛም ስለማይርቅ ዓይን የአበባውን ወሰን ያጣዋል። በዚህ ምክንያት ሠሪው በሦስት ማኅተሞች ያነባብራል፤ መጀመሪያ አበባውን ሙሉ በፈዛዛ ቢጫ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ የተተወለትን ሁለተኛ ማኅተም በወርቅማ፣ በመጨረሻም የቅጠሎቹን ሥርና መሃሉን ወደ ቡኒ በሚያደላ ብርቱካናማ። ቅደም ተከተሉ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ የሆነው አለምክንያት አይደለም፤ ፈዛዛው በደማቁ ላይ ቢታተም ማኅተሙ ደማቁን ቀለም አንስቶ ወደ ቢጫው የቀለም ፓድ ይመለስና ፓዱ ይቆሽሻል። ሰማያዊ ወረቀት የመረጠ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቢጫ ቀለም በሰማያዊ ላይ አረንጓዴ ይመስላል፣ ስለዚህ ሥሩን የሚሸፍን ወፍራም ቀለም ያስፈልገዋል። መዳፍ ማኅተሙን ቀጥ አድርጎ መጫን አለበት፤ ካወዛወዘው ጠርዙ ይጨማለቃል።

ከኅትመቱ ቀጥሎ ዳዩ በምስሉ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ እንዳይንሸራተት በቀላሉ በሚላቀቅ ፕላስተር ይያዛል፤ ከዚያ በሁለት የፕላስቲክ ሰሌዳዎች መካከል ሆኖ በእጅ በሚዞር ማሽን ጥቅልሎች ውስጥ ያልፋል። የወጣው አበባ ገና ዝርግ ነው። ሕይወት የሚዘራበት ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ዘንግ ነው፤ አበባውን በለስላሳ ስፖንጅ ላይ ገልብጦ እያንዳንዱን ቅጠል ከጀርባው ሲያሹት ወረቀቱ ይጎብጣል። ሁለት አበባ ሲደራረብ የላይኛው በግማሽ ቅጠል ያህል ዞሮ ይቀመጣል፤ ቅጠሎቹ በታችኛው ክፍተት ላይ እንዲያርፉ ነው። ሙጫው መሃሉን ብቻ ይነካል፤ ጠርዞቹ ከወረቀቱ ተነስተው ጥላ ይጥላሉ። በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝነው መደብ ወረቀትም በቃጫው አቅጣጫ ካልታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚህ ሁሉ ማኅተሙም ዳዩም ለሠሪው የወሰኑለት ጥቂቱን ነው።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ምሳሌ አላቸው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በ1770ዎቹ መጀመሪያ፣ ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠች በጥቁር መደብ ላይ የእውነተኛ አበቦችን ምስል መሥራት ያዘች፤ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሠርታለች፤ ሥራዎቿ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ማኅተም አልነበራት፣ ዳይ አልነበራት። እውነተኛ የእጅ ሥራ ይህ ነው፣ ሌላው ማስመሰል ነው ይላሉ። ዴላኒ የደረሰችበት ከፍታ አይካድም፤ ሆኖም የሥራዋ ክብር መነሻው መቀሱ ሳይሆን እያንዳንዱን ተክል አስተውላ የቀለሙን ደረጃ መምረጧ ነው። እኛም ብንሆን ሸማኔው ድርና ማጉን የሚያገናኘው በመሣሪያ ስለሆነ ጥለቱ የእጅ ሥራ አይደለም አንልም። የጥለቱን ቀለም የመረጠው፣ የቆጠረውና ያሰናኘው እሱ ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ግማሽ እውነት አለው። ዛሬ ማኅተሙ፣ ዳዩ፣ ቀለሙና ወረቀቱ ተሟልቶ፣ የየቱ አበባ ቦታ በሥዕል ተመልክቶ የሚሸጥ ጥቅል አለ። መመሪያውን ነጥብ በነጥብ የተከተለ ሰው ከሃውላንድ ገበታ ከተቀመጡት ሴቶች የተለየ ሥራ አልሠራም፤ እጁ ደክሟል፣ ውሳኔው ግን የሌላ ሰው ነው። ጥቅሉ ለጀማሪ ጥሩ መማሪያ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያው የቀረ ሰው የተዋሰውን ናሙና እያባዛ ይኖራል።

መሣሪያው ውድ ስለሆነ ሙያው የባለገንዘብ ብቻ ነው ለሚሉት ደግሞ በቂ መልስ በእንቁጣጣሽ አለ። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ የሳሉበትን ወረቀት ለየቤቱ ያድላሉ፤ ባለቤቱም ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ልጁ ለየቤቱ አንድ አንድ ስለሚያስፈልገው ያንኑ አበባ ደጋግሞ ይስላል። መደጋገሙ የእጅ ሥራነቱን አልነሳውም፤ ወረቀቱ ሊያልቅበት ሲል ሥዕሉን የሚያሳንሰው፣ ቢጫው ሲያልቅበት በቀይ የሚተካው ራሱ ነው። ድንች ለሁለት ከፍሎ ፊቱ ላይ አበባ ቀርጾ፣ ቀለም ውስጥ ነክሮ የሚያትም ልጅም በጎማው ማኅተም ሕግ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ መለያው ቀላል ነው። ይህ አበባ ለምን ወደ ግራ አዘነበለ፣ መሃሉስ ለምን ከዚያኛው ጠቆረ ተብሎ የተጠየቀ ሠሪ፣ ካርዱ ለማን እንደሚሄድ አስቦ የሰጠው ምክንያት ካለው፣ ያ ካርድ የእጁ ሥራ ነው።