የቦቦ አሻንጉሊት ሙከራዎች

የቦቦ አሻንጉሊት ሙከራዎች በካናዳ ተወላጁ የሥነ ልቦና ምሁር አልበርት ባንዱራ (1925–2021) መሪነት በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተካሂደው ከ1961 እስከ 1965 የታተሙ ተከታታይ ጥናቶች ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሕፃናት የሌላውን አድራጎት በማየት ብቻ ጠበኝነትን ሊማሩ እንደሚችሉ በማሳየታቸው ይታወቃሉ።

የሐሳቡ መነሻ

በማየት መማርን ባንዱራ እንዳገኘው አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ ይህ ግን የሚያስኬድ አይመስልም። ፈረንሳዊው ገብርኤል ታርድ የማኅበረሰብን ኑሮ ሰው ሰውን በመምሰሉ የሚያብራራ መጽሐፍ ያሳተመው በ1890 ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኒል ሚለርና ጆን ዶላርድም በ1941 ስለ ማኅበራዊ ትምህርትና ስለ መምሰል አንድ መጽሐፍ አውጥተዋል። በእነሱ ሙከራ አንድ ልጅ ቀድሞት የሄደውን ተከትሎ ሣጥን ሲከፍት ከረሜላ ያገኛል፤ ከረሜላ ያገኘ ልጅም መከተሉን ይቀጥላል። ጁልያን ሮተር ደግሞ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ጠባይን የሚመራው ሽልማቱ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ከሽልማቱ የሚጠብቀው ነገር ጭምር መሆኑን አስረድቷል። «ማኅበራዊ ትምህርት» የሚለው ስያሜም ባንዱራና የቀድሞ ተማሪው ሪቻርድ ዋልተርስ በ1963 ስለ ስብዕና እድገት ከመጻፋቸው በፊት የተለመደ ነበር።

እንግዲህ የባንዱራ ድርሻ ጠበብ ያለ፣ ግን ጠንካራ ይመስላል። በሚለርና በዶላርድ ዘንድ ልጁ እንዲማር ራሱ ማድረግና ራሱ መሸለም አለበት። ባንዱራ ሁለቱንም አስቀረ፤ ልጁ ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ምንም ሳያገኝ ሊማር ይችላል አለ።

የ1961ዱ ሙከራ

ከዶሮቲያ ሮስና ከሺላ ሮስ ጋር የተሠራው ይህ ሙከራ በዩኒቨርሲቲው መዋለ ሕፃናት የሚውሉ 36 ወንዶችና 36 ሴቶች ልጆችን አሳትፏል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ወር ነበር። ቦቦ በአየር የሚነፋ፣ ግርጌው የከበደ፣ ሲመቱት ወድቆ የሚነሳ አሻንጉሊት ነው። ሃያ አራቱ ልጆች አንድ ትልቅ ሰው ቦቦን በቡጢ ሲነርተው፣ ሲቀመጥበትና በመዶሻ ጭንቅላቱን ሲለው አዩ። ሌሎች 24 በእርጋታ የሚጫወት ሰው አዩ፤ የቀሩት ማንንም አላዩም። ከዚያ ልጆቹ በማራኪ መጫወቻ መጫወት ከጀመሩ በኋላ በመከልከል እንዲበሳጩ ተደረገና ቦቦ ባለበት ክፍል ለ20 ደቂቃ ሲጫወቱ ከመስታወት ጀርባ ታዩ። ጠበኛውን ያዩት አመታቱንም አነጋገሩንም ደገሙ። ወንዶቹ በእጅ ጥቃት በልጠዋል፤ በቃል ግን ከሴቶቹ ብዙም አልተለዩም።

በ1963 በታተመውና 96 ልጆችን ባሳተፈው ሙከራ፣ ጠበኛውን በፊልም ያዩትም በአካል ካዩት ያላነሰ ጠበኝነት አሳይተዋል።

የ1965ቱ ሙከራ

ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ስድሳ ስድስት ልጆች አንድ ፊልም አዩ፤ መጨረሻው ግን ይለያያል። በአንዱ አጥቂው ጣፋጭ ተሰጥቶ ይመሰገናል፣ በአንዱ ይገሠጻል፣ በሦስተኛው ምንም አይደርስበትም። አጥቂው ሲቀጣ ያዩት ልጆች እሱን መምሰል ቀነሱ። ያየኸውን ካሳየኸኝ ጭማቂና የሚለጠፍ ሥዕል እሰጥሃለሁ ሲባሉ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ቅጣት ያዩትም ልክ እንደ ሌሎቹ ተምረው ነበር፤ አላደረጉትም እንጂ።

ወላጅ «ልጄ ፊቴ አንድም ቀን አልተሳደበም» ሲል፣ በዚህ ውጤት መሠረት ስለ ልጁ አድራጎት እንጂ ስለሚያውቀው ነገር አልነገረንም። ባንዱራ በኋላ መማርን በትኩረት፣ በማስታወስ፣ በመፈጸም ችሎታና በፍላጎት የከፈለው፣ በ1986ም ንድፈ ሐሳቡን ማኅበራዊ-ግንዛቤያዊ ብሎ የሰየመው ሽልማት ብቻውን ይህን ሁሉ ስለማያብራራ ይመስላል። በዚሁ ንድፈ ሐሳብ አካባቢ ሰውን እንደሚቀርጽ ሁሉ ሰውም አካባቢውን መልሶ ይቀርጻል፤ ለምሳሌ ጠበኛ ልጅ ጠበኛ ጓደኞችን ይሰበስባል።

ትችት

ቦቦ ለመመታት የተሠራ መጫወቻ ነውና መምታቱ ጠበኝነት ነው ወይስ ጨዋታ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። በ1970 የታተመ የብሪታንያ ጥናት አሻንጉሊቱን አስቀድመው የሚያውቁ ልጆች ከማያውቁት ያነሰ እንደሚኮርጁ አሳይቷል። ልጆቹ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ መዋለ ሕፃናት መመረጣቸውና የታዩት ወዲያው መሆኑም ይነቀፋል።

ሥነ ምግባር

ሕፃናትን ሆን ብሎ ማበሳጨት በዛሬው የምርምር ደንብ በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስልም።

በተከታታይ ድራማ

ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ የባንዱራን ሐሳብ በ1970ዎቹ ለተከታታይ ድራማ አዋለው። በእሱ ዘዴ ከመልካሙና ከመጥፎው ገጸ ባሕርይ ሌላ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ሦስተኛ አለ። ይህ ሰው ይሳሳታል፣ ዋጋ ይከፍላል፣ ቀስ በቀስም ይለወጣል፤ ተመልካቹ ራሱን የሚያየው በእሱ ውስጥ ነው ተብሎ ይታሰባል።

በኢትዮጵያ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት በዚሁ ዘዴ ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» የተባለ የሬዲዮ ድራማ ከ2002 እስከ 2004 በአማርኛ ተላልፏል፤ የቤተሰብ ምጣኔና ኤችአይቪ ከርዕሰ ጉዳዮቹ መካከል ነበሩ። በአድማጮች ላይ ከታየው ለውጥ ስንቱ የድራማው እንደሆነ መለየት ግን ያስቸግራል፤ በዚያው ዘመን ስለ ኤችአይቪ በሬዲዮም፣ በትምህርት ቤትም፣ በቤተ እምነትም ይነገር ነበር።